እንጦጦ ማርያምና የታደሰው ዙፋን

ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ቀና ብሎ ለሚመለከት ሰው የእንጦጦ ተራራ ዘወትር ከፊቱ የቆመ ስለ ሆነ፥ ብዙዎቻችን አውቀነዋል እያልን ሳንወጣው ዘመናችንን እንጨርሳለን። የሩቅ አገር እንግዳ በመጣ በማግሥቱ ተራራውን ወጥቶ፥ ቤተ ክርስቲያኑን ዞሮ፥ ፎቶግራፍ አንሥቶ ሲመለስ፥ የከተማው ተወላጅ ግን «እንጦጦማ የት ይሄድብኛል» እያለ ከዓመት ወደ ዓመት ያስተላልፈዋል። ስለዚህ ክቡራን አንባቢዎቻችን በአንድ የዕረፍት ቀን ቤተ ሰባቸውን ይዘው ወደ እንጦጦ ማርያም ቢወጡ ምን እንደሚያዩ፥ ያዩትም ነገር ስለ ምን እንደዚያ ሆኖ እንደ ተሠራ ለማስረዳት ይህን ጽሑፍ አዘጋጅተናል።

መንገዱ በሽሮ ሜዳ ያልፋል። በዚያ ሸማኔዎች የሠሩት ነጠላና ጋቢ፥ ጥበብ ያለበትም ቀሚስ በግራና በቀኝ ተሰቅሎ ስለሚታይ፥ ወይዛዝርት አብረው የሄዱ እንደ ሆነ ጉዞው ከዚያ ላይ ጥቂት መዘግየቱ አይቀርም። ከሽሮ ሜዳ ወዲያ መንገዱ እየተጠማዘዘ በባሕር ዛፍ መካከል ይወጣል፤ አየሩም እየሳሳና እየቀዘቀዘ ይሄዳል። የተራራው ራስ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ያልፋልና በእግሩ የሚወጣ ሰው ቀስ ብሎ ቢወጣ ይሻለዋል። ሰማዩ በጠራ ቀን ከላይ ሆነው ወደ ደቡብ ቢመለከቱ ከተማው በሙሉ ከእግር በታች ተዘርግቶ፥ ከዚያም ወዲያ ወጨጫ፥ ፉሪ፥ የረርና ዝቋላ በየአቅጣጫቸው ቆመው ይታያሉ። ወደ ሰሜን ደግሞ የሱሉልታ ሜዳ ነው። ይህን ያየ ሰው፥ ዳግማዊ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ከተማቸውን በዚህ ብርድ ላይ ስለ ምን እንደ ሠሩ ሳይነገረው ይገባዋል፤ ጠላት በየትም በኩል ቢመጣ ቀድሞ ይታያል።

ነገር ግን ለጦር የሚመች ተራራ በሸዋ ሞልቷል። እንጦጦ የተመረጠበት ሌላም ምክንያት ነበረው፤ እኛም ወደዚህ የወጣነው እርሱን ለመመርመር ነው።

ቤተ ክርስቲያኑ ስምንት ማዕዘን ነው። ልጆች አብረዋችሁ ቢሄዱ ማዕዘኑን እየዞሩ እንዲቆጥሩ እዘዟቸው፤ ከእኛ ጋር የነበረው ሕፃን ሁለት ጊዜ ሰባት፥ በሦስተኛው ስምንት ብሎ ቆጥሯል። ውስጡ እንደ አገራችን ሥርዓት በሦስት የተከፈለ ሆኖ፥ በውጭ ቅኔ ማኅሌት፥ ቀጥሎ ቅድስት፥ በመካከል መቅደስ አለ። ግድግዳው በቀለም ያጌጠ ነው፤ ጣራውም ዛሬ ቆርቆሮ ነው። ከቅጽሩ አጠገብ የዐፄ ምኒልክና የእቴጌ ጣይቱ ቤተ መንግሥት የነበረው ቤት ይገኛል፤ እንጨትና ጭቃ፥ በላዩም ነጭ ኖራ ነው። ስለዚሁ ቤት ሲነገር የሰማ የውጭ አገር ሰው ወርቅና ዕብነ በረድ ጠብቆ ይመጣና «ይህ ነውን የንጉሠ ነገሥቱ አዳራሽ?» ብሎ ይደነቃል። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ከአገራችንም ሰዎች አፍ ሰምተነዋል። መልሱን ጥቂት ቈይተን እንሰጣለን።

እንጦጦ በጥንት ዘመን የዐፄ ዳዊት ከተማ ነበረ ተብሎ ሲተረክ የኖረ ነው። ዐፄ ምኒልክም በ1870ዎቹ ዓመታት ወደዚህ ሲመጡ የጥንት ከተማ ፍርስራሽ ተገኘ ተባለ፤ ይህንንም ያባቶቻቸውን ስፍራ እግዚአብሔር የመለሰላቸው ምልክት አድርገው ተቀበሉት። በታሪካችን ዳዊት ተብለው ከነገሡት መካከል ሁለቱን እንጠቅሳለን። አንደኛው የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ አባት ቀዳማዊ ዳዊት ናቸው፤ ሁለተኛው በስመ መንግሥታቸው ዳዊት የተባሉት ዐፄ ልብነ ድንግል ናቸው፤ የግራኝ አሕመድ ጦርነት መንግሥቱን ያናወጠው በእርሳቸው ዘመን ነው። የሸዋ ነገሥታት የትውልዳቸውን ሐረግ የሚመዝዙት ከእኒሁ ከልብነ ድንግል ልጅ ከአቤቶ ያዕቆብ ነው። እንግዲህ በእንጦጦ ላይ መሥፈር ለምኒልክ ሦስት መቶ ዓመት ተኩል ተቋርጦ የነበረውን ነገር ከተቋረጠበት ላይ መቀጠል ማለት ነበር። አያታቸው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ያወጡላቸው ምኒልክ የሚለው ስምም ከሰሎሞን ልጅ የተወሰደ ነው። ስሙ ታደሰ፤ ስፍራውም ታደሰ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ለእውነት የሚገባውን ማጉደል ይሆንብናል። ተራራው በእነዚያ መቶ ዓመታት ባዶውን አልነበረም። ጉለሌ የሚለው ስም ራሱ በዚያ አገር ይኖር የነበረው የቱለማ ኦሮሞ ጎሣ ስም ነው። ለቤተ መንግሥቱ ሰዎች መመለስ የሆነው ነገር ለጉለሌ ሰዎች የማያውቁት ጌታ መምጣት፥ ብዙዎችም ከግጦሻቸውና ከምንጫቸው መነሣት ነበር። የመንግሥት መታደስ ታሪክ በየአገሩ እንዲህ ነው፤ የጥንቱን ባለቤት ሲያስታውስ የትናንቱን ይዘነጋል። ወደ እንጦጦ የሚወጣ ሰው የዐፄ ዳዊትን ስም ሲሰማ፥ ያለፈበትን የጉለሌን ስም ደግሞ እንዲያስብ እንመክራለን።

በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ራብዓይ በመተማ ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ ወደቁ። ዐፄ ዮሐንስ በ1864 ዓ.ም. ሥርዓተ ንግሣቸውን በአክሱም ፈጽመው ነበር፤ በዚህም ታላቁ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው ምእት ዓመት ያደረጉትን የአክሱም ሥርዓት አድሰው ነበር። ከእርሳቸው በኋላ የሚነግሥ ሁሉ በአክሱም ሥርዓት ሳይለካ የሚቀር አልነበረም። አክሱም ግን ያን ጊዜ በትግራይ በልጃቸው በራስ መንገሻ እጅ ነበረች። ዐፄ ምኒልክ አክሱም እስኪገኝ ድረስ ቢጠብቁ ዙፋኑ ባዶውን ይቈያል፤ ሳይጠብቁ ቢነግሡ ደግሞ «ከአክሱም ውጭ የነገሠ» ያሰኛል። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ከኢጣሊያ ጋር የውጫሌ ውል ተፈርሞ ስለ ነበር፥ የባሕር ማዶ መንግሥታትም የንጉሠ ነገሥቱ ወንበር በማን እንደ ተያዘ ለማወቅ ዐይናቸውን ጥለው ነበር።

ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ በዚህ በእንጦጦ ማርያም ተቀብተው ዘውድ ጫኑ። የቀቧቸው አቡነ ማቴዎስ ናቸው፤ እኒህም አባት ዐፄ ዮሐንስ ከግብፅ ካስመጧቸው ጳጳሳት አንዱ ነበሩ። የሟቹ ንጉሥ ጳጳስ አዲሱን ንጉሥ ቀባ ማለት ነው። ከሁለት ቀን በኋላም፥ ጥቅምት 27፥ እቴጌ ጣይቱ ዘውድ ጫኑ። እንግዲህ ይህ ከእንጨትና ከጭቃ ቤት አጠገብ የቆመ ስምንት ማዕዘን፥ አክሱም ጽዮን ሊሸከመው የሚገባውን ሸክም በዚያች ሳምንት ተሸከመ።

የነገሩን ክብደት ለመመዘን ሌላ ሚዛን ያስፈልጋልና፥ አንባቢዎቻችንን ለጥቂት ጊዜ ወደ ሩቅ አገር፥ ዛሬ በጀርመን አገር ወደምትገኘው ወደ አኸን ከተማ እንወስዳቸዋለን። በዚያም ለእመቤታችን ለማርያም የተሠራ ስምንት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን አለ። ያሠራው የፍራንኮች ንጉሥ ታላቁ ካርል ነው፤ ፈረንሳዮች ሻርለማኝ ይሉታል። ይህ ንጉሥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ800 ዓመት በልደት ቀን በሮማ በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ከፓፓ ልዮን ሣልሳዊ እጅ የሮማውያን ንጉሠ ነገሥት ተብሎ ዘውድ ተቀበለ። በምዕራቡ ክፍል የሮማ ቄሣሮች ወንበር ባዶ ከሆነ ሦስት መቶ ዓመት አልፎት ነበር። ካርልም በማኅተሙ ላይ የሮማ መንግሥት መታደስ የሚል ቃል አስቀረጸ፤ በገንዘቡም ላይ እንደ ቄሣሮቹ የሎረል አክሊል ደፍቶ መልኩን አሳተመ። የቤተ መንግሥቱ ሊቃውንት ግን በመካከላቸው ሲጠሩት ቄሣር ሳይሆን ዳዊት ይሉት ነበር፤ ይህም ለእኛ ጆሮ የቀረበ ነገር ነው።

የአኸኑን ቤተ ክርስቲያን የሠራው የሜትዙ ኦዶ የሚባል ሰው ነው። የውስጡ ዙሪያ ስምንት፥ የውጩ ዐሥራ ስድስት ማዕዘን ነው። አምሳያው በኢጣሊያ አገር በራቬና ከተማ የሚገኘው የቅዱስ ቪታሌ ቤተ ክርስቲያን መሆኑን ሊቃውንት ይናገራሉ፤ እርሱም በ547 የተመረቀ ሲሆን በግድግዳው ላይ ዮስጢንያኖስ ቄሣርና ሚስቱ ቴዎዶራ በቀለም ጠጠር ተሥለው እስከ ዛሬ ይታያሉ። ይህ ዮስጢንያኖስ ወደ አክሱም ንጉሥ ወደ ካሌብ መልእክተኛ የላከው ነው። ካርል አምሳያውን ከራቬና ከወሰደ በኋላ በዚህ አልበቃውም። የሕይወቱን ታሪክ የጻፈው አይንሃርት እንደሚነግረን፥ ለግንቡ የሚሆነውን ዓምድና ዕብነ በረድ ሌላ ስፍራ ሊያገኝ ስላልቻለ ከሮማና ከራቬና አስመጣ። የነሐስ በሮችም አሠራ። በሰገነቱ ላይ ያለው የዕብነ በረድ ዙፋን ደግሞ እንደ ሰሎሞን ዙፋን ስድስት ደረጃ አለው።

አሁን የሁለቱን ነገሥታት ሥራ ጎን ለጎን እናቁመው። ካርል ሮማዊ አልነበረም፤ ቋንቋውም ትውልዱም ፍራንክ ነው። ስለዚህ የቄሣሮች ወራሽ መሆኑን የሚመሰክርለት ድንጋይ አስፈለገው፤ ዓምዶቹ በሠረገላ ተጭነው የአልፕስን ተራራ የተሻገሩት ለዚህ ነው። የሐረግ ጉድለት በዕብነ በረድ ሞላ። ዐፄ ምኒልክ ግን በኢትዮጵያ ዘንድ የተቀበሉት የትውልድ ሐረግ ነበራቸው፤ የጎደላቸው ስፍራው ነበር። እርሱን ደግሞ ከአክሱም ድንጋይ በማምጣት አልሞሉትም፤ የዐፄ ዳዊት ስም ያለበትን ተራራ ይዘው፥ በላዩ ታቦት አስገብተው፥ ቅባቱን ከጳጳስ እጅ ተቀበሉ። «ይህ ነውን የንጉሠ ነገሥቱ አዳራሽ?» ላለው ሰው የምንመልሰው ይህን ነው። በእኛ ሥርዓት መንግሥትን የሚያድሰው ቅባቱ፥ ስሙና ታቦቱ ነው፤ ግድግዳው የሚከተል ነገር ነው። በጭቃ ቤት የተቀባ ንጉሥ በዕብነ በረድ ከተቀባው የሚያንስበት ምክንያት አልነበረም፤ ከስድስት ዓመት በኋላ በዐድዋ የሆነውን ሁሉም ያውቃል።

ይህን ስንል የሮማ ነገር ለአባቶቻችን ባዕድ ነበረ ማለታችን አይደለም። ክብረ ነገሥት ዓለምን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ለሮም ንጉሥ፥ ግማሹን ለኢትዮጵያ ንጉሥ ይሰጣል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሲነግሡ የወሰዱት ስመ መንግሥት ቈስጠንጢኖስ ነው። ፍትሐ ነገሥትም በቈስጠንጢኖስ ዘመን በኒቅያ ከተሰበሰቡት 318ቱ አባቶች የመጣ ነው ተብሎ ሲከበር ኖሯል፤ መጽሐፉን በዐረብኛ ያጠናቀረው ግን በ13ኛው ምእት ዓመት በግብፅ የነበረው ኢብን አል ዐሳል ነው። እንግዲህ የክርስቲያን ቄሣር አርአያ በእኛም ቤት ነበረ። ልዩነቱ አባቶቻችን ቄሣርን እንደ ወንድምና እንደ አቻ እንጂ እንደ አባት አለመቁጠራቸው ነው። የሚታደሰው የራሳቸው የአክሱም ነገር ነበር።

በድንጋይ የታደሰውን ለማየት የሚወድ ሰው ወደ ላስታ ይሂድ። በ12ኛው ምእት ዓመት በዋሻ ውስጥ የተሠራው ይምርሐነ ክርስቶስ፥ እንደ አክሱም ግንብ እንጨትና ድንጋይ እየተፈራረቀ የተነባበረበት ነው፤ አክሱም ከደከመች ከብዙ ዘመን በኋላ እጅ አሠራሯን አልረሳም። በላሊበላ ደግሞ ቤተ አማኑኤል ከአንድ ዓለት ተፈልፍሎ ሳለ፥ በእንጨትና በድንጋይ የተነባበረ እንዲመስል ግድግዳው ወጣ ገባ ተደርጎ ተቀርጿል። ለሥራው የማያስፈልገውን ሁሉ ለመታሰቢያ ብሎ ከዓለት የሚፈለፍል ጠራቢ እንዴት ያለ ፍቅር ኖሮታል! እኛ ይህን ቤት ካየን ወዲህ ስለ አኸን ዓምዶች መደነቃችን ቀንሷል።

የእንጦጦው ስምንት ማዕዘን ግን ከአክሱምም አልተወሰደም፤ አክሱምና ላሊበላ የሚወዱት አራት ማዕዘኑን ነው። ከአኸን ተቀድቷል የሚል ቢኖርም አንሰማውም። ክቡ ቤተ ክርስቲያን በሸዋም በጎንደርም በጎጃምም የተለመደ ነው፤ ስምንት ማዕዘን የክቡ ቅርብ ዘመድ ነው፤ ለአናጢም ቀጥ ያለ ግንድ ከማጉበጥ በማዕዘን ማገጣጠም ይቀለዋል። በዚህ ቤት አዲስ የሆነው ነገር ይኸው ቅርጽ ነው። መንፈሱ የጥንት፥ አካሉ የዘመኑ ሆነ። በአኸን ግን አካሉም የጥንት እንዲሆን ተደከመበት።

ሁለቱ ከተሞች ሌላም የሚገናኙበት ነገር አላቸው፤ ስናነበው ፈገግ አሰኝቶናል። አይንሃርት እንደ ጻፈው ካርል በአኸን ላይ ቤተ መንግሥቱን የሠራው በዚያ ያለውን ፍል ውሃ እጅግ ይወድ ስለ ነበር ነው። የእንጦጦ ቤተ መንግሥትም ወደ ታች የወረደው በፍል ውሃ ምክንያት ነው። የተራራው ብርድ ጠንቶ፥ ማገዶውም ተጨፍጭፎ በራቀ ጊዜ፥ ቤተ መንግሥቱ በፊንፊኔ ወዳለው ፍል ውሃ ይወርድ ጀመር። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ በዚያ ቤት አሠርተው ስፍራውን አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት። ዛሬ ተራራውን የሸፈነው ባሕር ዛፍ በ1880ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ገደማ የገባ ነውና፥ ዐፄ ምኒልክ በነገሡ ጊዜ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ግን ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የጉለሌ ሴቶች ኑሯቸውን የገፉት የዚህን ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው ወደ ከተማ በማውረድ ነው። ስለ ነገሥታት በሚጻፍ ታሪክ ውስጥ ይህ ሸክም ስፍራ አያገኝም፤ የከተማው እንጀራ የበሰለው ግን በእርሱ ነው። በ2013 ዓ.ም. በተራራው ላይ የእንጦጦ ፓርክ ተከፍቶ ስፍራው የብዙ ሰው መንሸራሸሪያ ሆኗል።

ቤተ መንግሥቱ ቢወርድም የተራራው ቅርጽ አብሮ ወረደ። ከዐድዋ ድል በኋላ በከተማው መካከል የተሠራው የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል፥ ኢጣሊያዊው ካስታኛ የተሳተፈበት የድንጋይ ሕንጻ፥ እርሱም ስምንት ማዕዘን ነው። ንግሥት ዘውዲቱ የካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም.፥ ዐፄ ኃይለ ሥላሴም ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በዚያ ነው። በእንጦጦ ከአክሱም ፋንታ ሆኖ የተጀመረው ነገር ከአርባ ዓመት በኋላ ራሱ ሥርዓት ሆነ። በአኸንም እንዲሁ ሆኗል፤ ካርል ራሱ ዘውዱን የተቀበለው በሮማ ሲሆን፥ ከ936 ጀምሮ እስከ 1531 ድረስ የጀርመን ነገሥታት ወደ እርሱ ቤተ ክርስቲያን እየሄዱ በዙፋኑ ላይ ይቀመጡ ነበር።

ስለ ተጓዙ ድንጋዮች ደግሞ አንድ ነገር እንጨምር። ካርል ወደ አኸን ያመጣቸውን ዓምዶች የፈረንሳይ ጦር በ1794 ነቅሎ ወደ ፓሪስ ወሰዳቸው፤ ኋላ ብዙዎቹ ሲመለሱ ጥቂቶቹ በሉቭር ቀርተዋል። በ1929 ዓ.ም. ደግሞ የሮማን ንጉሠ ነገሥትነት አደስሁ ይል የነበረው የሙሶሊኒ መንግሥት የአክሱምን ሐውልት ቆራርጦ ወደ ሮማ አጋዘ። በዚያው ዓመት የቅዱስ ጊዮርጊስን ካቴድራል ወታደሮቹ አቃጠሉ። ሐውልቱ በ1997 ዓ.ም. ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. በስፍራው ቆመ። የራሱን ከማደስ ይልቅ የሌላውን ነቅሎ መትከል ለካርል ዘመን ሰዎች እንደ ክብር ይቈጠር ይሆናል፤ በእኛ ዘመን ግን ማንም እንደ ክብር አይቈጥረውም።

በቅጽሩ አጠገብ የዐፄ ምኒልክና የእቴጌ ጣይቱ ልብስና ንዋይ የሚታይበት ቤተ መዘክር አለ። ወደዚያ ከመግባታችሁ በፊት ግን የጭቃውን ቤት እዩ፤ በእጃችሁም ግድግዳውን አትደግፉ፥ ኖራው ይረግፋልና። እንዲህ ያለ ቤት እንደ ድንጋይ ግንብ ራሱን ችሎ አይቆምም። ጭቃው በየጊዜው መለሰን፥ ጣራው መታየት፥ ውሃው ከመሠረቱ መራቅ ይፈልጋል። ክቡራን መኳንንትና ሹማምት ከአንባቢዎቻችን መካከል ብዙዎች ናቸውና፥ በግንብ ይተካ የሚል አሳብ በፊታቸው የቀረበ እንደ ሆነ፥ የዚህን ቤት ምስክርነት የያዘው ይኸው ጭቃ መሆኑን አስበው እንዲፈርዱ እንለምናለን። የሚያውቁ የጭቃ ባለሙያዎች ገና በአገሩ ሳሉ ሥራው ቢጀመር መልካም ነው፤ ክረምቱ በእንጦጦ ላይ ከከተማው ይልቅ ይበረታል።